በቀን አምስት ቃል

ጥቅምት 13 ቀን 1977፣ ማክሰኞ

ጋሽ ጉደታ ዛሬ፣ "በእንግሊዝኛ ራስሽን አስተዋውቂኝ" አሉኝ። ስሜ ዘርትሁን ነው፣ ሃያ አምስት ዓመቴ ነው፣ ከእናቴ ጋር ከየካ ሚካኤል በታች እኖራለሁ፣ በቀበሌያችን ጽሕፈት ቤት ታይፕ እመታለሁ አልኩ። ከዚያ ቆምኩ። "ሌላስ?" አሉኝ። ሌላ አልመጣልኝም። በአማርኛስ ቢሆን ምን እጨምር ነበር?

የተዋወቅነው በኛው ቢሮ ነው። ዓምና ለቤት ቁጥር ጉዳይ ሲመላለሱ ሁሉም "ነገ ይምጡ" እያለ ሲያንከራትታቸው፣ እኔ ደብዳቤያቸውን መትቼ አስፈርሜ ሰጠኋቸው። ነገሩ ይኸው ነበር፤ እሳቸው ግን አልረሱትም። ድሮ ነቀምቴ በሚሲዮን ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ያስተምሩ ነበር። በኋላም እዚሁ አዲስ አበባ በአንድ የሚሲዮን ክሊኒክ ጸሐፊ ነበሩ። አሁን ጡረታ ወጥተው ከባለቤታቸው ከእትዬ ጥሩብርሃን ጋር እንጦጦ ሥር፣ ባሕር ዛፉ ውስጥ ይኖራሉ።

ለድርቁ የመጣ አንድ የውጭ ዕርዳታ ድርጅት እንግሊዝኛ የሚችሉ ጸሐፊዎች በፈተና ሊቀጥር መሆኑን ስነግራቸው ብዙም አላንገራገሩ። "ማክሰኞና ቅዳሜ ከሥራ በኋላ ነይ። በቀን አምስት ቃል ትይዣለሽ። ግን ቃል ዝም ብሎ ጭንቅላት ውስጥ አይቀመጥም፤ ሥራ ስጪው። በእያንዳንዱ ቃል የዚያን ቀን ያየሽውን አንድ ነገር ጻፊበት" አሉኝ። ይኼንን ደብተርም የሰጡኝ እሳቸው ናቸው። ከፊት በኩል እንግሊዝኛውን፣ ከኋላ በኩል የራሴን እጽፍበታለሁ። ቢሮ ይዤው አልሄድም።

እማዬ የምማረው ለደመወዝ ይመስላታል። ደመወዙም አለ። ግን ጓድ አባይነህ ሊቀመንበራችን ከሆነ ወዲህ የምመታው ወረቀት ሁሉ የሰው ስም ነው። ከቀበሌ ሥራ ደግሞ በገዛ ፈቃድ መልቀቅ የለም። የተፈቀደ የተሻለ ቦታ ካገኙ ብቻ ነው የሚለቁት። ያለኝ በር ይኼ አንዱ ነው።

ጥቅምት 16፣ ዓርብ

ቸኩያለሁ። ስብሰባ አለ።

ስኬርስ፦ እንደ ልብ የማይገኝ። በቀበሌው ሱቅ ስኳር ስኬርስ ነው።

ሪላክታንት፦ እያመነታ የሚያደርግ። የዚህን ዓረፍተ ነገር ማታ።

ሪሊፍ፦ ዕርዳታ። ደግሞም እፎይታ። አንዱ ቃል ሁለቱንም እንዴት እንደሚሆን አልገባኝም።

ጥቅምት 22፣ ሐሙስ

ማክሰኞ በስብሰባ ምክንያት ስለቀረሁ ዛሬ ሄድኩ። ሳልነግራቸው መሄዴ ጥሩ አልነበረም። በራፉ ላይ ጫማ ተደርድሯል፤ የሴት፣ የወንድ፣ ጭቃ የያዘ የገጠር ጫማ። ከውስጥ መዝሙር ይሰማል። መዝሙር ነው እንዳልል ድምፅ የለውም፤ ሰው አፉን ዘግቶ በጉሮሮው ብቻ ሲዘምር ነው። እትዬ ጥሩብርሃን ወጡና በሩን ከኋላቸው ገርበብ አደረጉት።

"ልጄ፣ ዛሬ እንግዶች አሉን። ቅዳሜ ነይ" አሉኝ። ዓይን ዓይኔን እያዩ ትንሽ ቆሙና፣ "ቤተ ክርስቲያናችን ከታሸገ ወዲህ እንግዲህ እንዲህ ነው" አሉ።

ምንም እንዳልሰማ ሰው ሆኜ ተመለስኩ። ጴንጤ መሆናቸውን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። እቤታቸው መሰብሰባቸውን ግን የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም። አሁን እኔ አወቅሁ። ባላውቅ ይሻለኝ ነበር።

እማዬ "የት ዋልሽ?" ስትለኝ ስብሰባ አልኳት።

ጥቅምት 28፣ ረቡዕ

ለብሔራዊ ውትድርና የሚጠሩትን ልጆች ስም መታሁ። ጎረቤታችን እትዬ ዘውድነሽ በምሳ ሰዓት መጥታ በመስኮቱ በኩል ጠራችኝ። ከማን እንደሰማች አላውቅም። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ነው የምታወራው።

"ዘርዬ፣ እኔ ያለኝ ልጅ እሱ ብቻ ነው። አንድ መስመር ብትዘይ ማን ያውቅብሻል?"

"እኔ የተሰጠኝን ነው የምመታው፣ እትዬ ዘውድነሽ።"

"የሰጠሽ ሰውዬ ቢረሳው?"

"የተሰጠኝን ነው የምመታው" አልኳት ደግሜ። ሄደች።

እውነቴን ነው። ረቂቁ በጓድ አባይነህ እጅ የተጻፈ ነው። አንድ መስመር ቢጎድል ያውቃል።

ያውቃል ወይ? አንብቦ ሲፈርም አይቼው አላውቅም።

ኅዳር 1፣ ቅዳሜ

ጋሽ ጉደታ ዓረፍተ ነገሮቼን አንብበው ሲያበቁ መነጽራቸውን አወለቁ።

"ሰዋስውሽ እየተስተካከለ ነው። ግን እነዚህን ነገሮች አላየሽም" አሉኝ።

"እንዴት አወቁ?"

"ወፏ በረረች፣ አበባው ፈካ፣ ሰማዩ ጠራ ይላል። ከጠዋት እስከ ማታ ቀበሌ ነው የምትውይው። ወፏን የት አገኘሻት?"

ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ።

"ለኔ አታሳዪኝ" አሉ ቆይተው። "ግን ያየሽውን ጻፊ። ያላየውን የሚጽፍ ሰው ፈተና ላይ ቃል ያልቅበታል።"

ዛሬ ቃላቱን ከነተቃራኒያቸው ነው የያዝኩት፤ ቶሎ አይረሳም ይላሉ። ኮንሲል መሸሸግ፣ ሪቪል መግለጥ። ኢኖሰንት ንጹሕ፣ ጊልቲ ጥፋተኛ። እቤት ገብቼ በኮንሲል ዓረፍተ ነገር ልሠራ ተቀምጬ ሦስቴ ሰረዝኩ። ያየሁትን ብጽፍ ደብተሩ እራሱ ያስፈራኛል።

ኅዳር 4፣ ማክሰኞ

ለፈተናው ለመመዝገብ ከምሠራበት መሥሪያ ቤት የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልጋል። ራሴው መትቼ ለጓድ አባይነህ አቀረብኩለት። ሳያየው መሳቢያው ውስጥ ከተተው።

"እናየዋለን" አለኝ።

ምዝገባው ሰኞ ይዘጋል።

ኅዳር 6፣ ሐሙስ

"እናየዋለን።"

ከኋላዬ አንዱ አብዮት ጠባቂ ለጓደኛው፣ "ከዚህ ወጥታ ፈረንጅ ቤት? ሕልም ነው" ሲለው ሰማሁ። እየቀለደ ነው። ጓደኛው ግን አልሳቀም።

የእትዬ ዘውድነሽ ልጅ ትናንት ለውትድርና ሄደ። እማዬ ቧንቧው ጋ ሰላም ብትላት ሳትመልስላት እንስራዋን አንስታ ወጣች አሉ። እማዬ ቀኑን ሙሉ "ምን አደረግኋት?" እያለች ትጠይቀኛለች። እኔ ምን አውቃለሁ አልኳት።

ኅዳር 8፣ ቅዳሜ

ዛሬ ጓድ አባይነህ ቢሮው አስጠራኝ። ድሮ የአውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ነበር። ዛሬም ከሰው ሲያወራ እጁን ዘርግቶ ነው፤ አንድ ነገር እስክትሰጪው የሚጠብቅ ይመስላል። ወንበር ሳበልኝ። ሻይ አስመጣልኝ። ይኼ ሁሉ ለኔ ተደርጎ አያውቅም።

"እንግሊዝኛው እንዴት ነው?"

"እየተማርኩ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር።"

"ከማን?"

ያውቃል። እያወቀ ነው የሚጠይቀኝ። "ከጋሽ ጉደታ" አልኩት።

"አዋቂ ሰው ናቸው። እኔ በሳቸው ላይ ምንም የለኝም። እንዲያው እቤታቸው ሰው ይበዛል ይባላል። አንቺ ትገቢ የለ? ማን ማን ነው የሚመጣው?"

ዝም ብል ደበቀች ሊለኝ ነው። ነገሩን ቀለል ላድርግላቸው ብዬ፣ "ኧረ ያን ያህል ሰው የለም። ሐሙስ ሐሙስ የታመሙ ሴቶች መድኃኒት ሊጠይቁ ይመጣሉ። ክሊኒክ ይሠሩ ስለነበር ነው" አልኩት።

"እ... መድኃኒት" አለ።

መሳቢያውን ከፈተ። ደብዳቤዬን አወጣ፣ ፈረመበት፣ ማኅተሙን እፍ ብሎ አሳረፈበት። "በርቺ። የቀበሌያችን ልጅ ፈረንጅ ቤት ስትገባ ለኛም ኩራት ነው" አለኝ።

ደብዳቤው በእጄ ነው። በደህና ያለፍኩት ይመስለኛል። መዝሙር አላልኩም፣ ጸሎት አላልኩም፣ የማንንም ስም አልጠራሁም። ከታመመ ሰው ጋር ማን ምን ጉዳይ አለው? እንዲያውም ለሳቸው ከለላ ሆንኩላቸው ማለት ይቻላል።

ራሴን ስላመመኝ ለትምህርት አልሄድኩም። እማዬ፣ "ደብዳቤው ከተገኘ ራትሽን የተውሽው ለምንድን ነው?" አለችኝ።

ኅዳር 11፣ ማክሰኞ

ትናንት ተመዘገብኩ። ስድስት ኪሎ ድረስ የተሰለፈው ሰው ብዛት! ከዩኒቨርሲቲ የወጡ ሁሉ አሉበት።

ጋሽ ጉደታ መመዝገቤን ሲሰሙ ከወንበራቸው ተነሥተው ጨበጡኝ። "በይ እንግዲህ፣ አባይነህንም እግዚአብሔር ይስጠው" አሉ። እትዬ ጥሩብርሃን ቆሎ አቀረቡልን። ሁለት ጊዜ ልነግራቸው አፌን ከፍቼ ነበር። ሁለቴም ስለ ሰዋስው ጠየቅሁ።

ዛሬ የያዝኩት አሥር ቃል ነው።

ኅዳር 18፣ ማክሰኞ

ፈተናው የፊታችን ቅዳሜ። ዛሬ የመጨረሻው ትምህርት ነበር። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጠየቁኝ፤ የሳትኩት ሁለት ብቻ ነው። "እንግዲህ ዕረፊ። ቃሉ አሁን ያንቺ ነው፤ ማንም አይወስድብሽም" አሉኝ። በር ድረስ ሸኙኝ። ከዚያ ግቢ ቁልቁል ከተማው ሁሉ ይታያል። ብርድ ነበር፤ ጋቢያቸውን ወደ ጆሯቸው ሰብስበው እስክርቅ ቆመው አዩኝ።

ኅዳር 20፣ ሐሙስ

በሥራ መውጫ ሰዓት እንዳልወጣ ተነገረኝ። "የምትመቺው ይኖራል" አለኝ ጓድ አባይነህ።

ጠባቂዎቹ ጠመንጃቸውን ይዘው ወደ ላይ ወጡ። ወደ ባሕር ዛፉ።

አመጧቸው። ጋሽ ጉደታ ከፊት። ጫማ አላደረጉም። ከኋላቸው ሁለት ወንዶች፣ የቀሩት ሴቶች። አንዷ ልጅ አዝላለች። እትዬ ጥሩብርሃን የሉም።

ስም እየጠየቀ ነገረኝ፤ መታሁ። የጋሽ ጉደታ ተራ ሲደርስ ስማቸውን በደንብ፣ ፊደል በፊደል ተናገሩ፤ ለተማሪ እንደሚናገሩት። ወደ እኔ ያዩ አይመስለኝም። አይተውም ይሆናል። እኔ የማየው ፊደሎቹን ነበር።

ከቀበሌ በላይ ወዳለው ወደ ከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ወሰዷቸው።

ኅዳር 21፣ ዓርብ

ጽዮን ናት። እማዬ ሌሊት እንጦጦ ማርያም ወጥታ ረፋዱ ላይ ተመለሰች። አልጋ ላይ ሆኜ አገኘችኝ።

"ለጴንጤ ነው እንዴ እንዲህ የምትሆኚው? ድሮም የጠረጠርኩት ነገር ነው። ሃይማኖትሽን ሊያስለውጡሽ ነበር" አለችኝ።

"አንድ ቀን ስለ ሃይማኖት አንሥተውብኝ አያውቁም፣ እማዬ።"

ነጠላዋን አወለቀች። ትንሽ ቆይታ፣ "ማን ጠቆመባቸው ይባላል?" አለች።

"አልሰማሁም።"

ማን ሊሆን ይችላል? ሰፈሩ ዓይን ብቻ ነው። ጫማውን ያየ ሁሉ ሊናገር ይችላል። ውሃ የምትቀዳ ሴት፣ እንጨት ለቃሚ፣ ማንም።

ነገ ፈተና ነው። አልሄድም ብዬ ወስኜ ነበር። አሁን ደግሞ ይኼ ሁሉ ልፋታቸው በከንቱ ሊቀር ነው እላለሁ። እንዲህ የምለው ለመሄድ ስለፈለግሁ ነው።

ኅዳር 22፣ ቅዳሜ

ሄድኩ።

አዳራሹ ጢም ብሏል። ወረቀቱን ስገለብጠው ሳቄ መጣ፤ ሁሉንም አውቃቸዋለሁ። ስኬርስ አለ፣ ሪላክታንት አለ። የኮንሲል ተቃራኒ ከአራቱ የትኛው ነው ይላል። እጄ ራሱ እየሄደ ያከብባል። አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ ግንባሩን ይዞ ያቃስታል። እኔ ግን እያንዳንዱን ቃል ሳነብ የምሰማው የሳቸውን ድምፅ ነው፤ ጥርሳቸው ትንሽ ስለጎደለ በ"ስ" ላይ የምትወጣውን ፉጨት ሳይቀር። ሰዓቱ ሳያልቅ ጨርሼ ወጣሁ።

ኅዳር 25፣ ማክሰኞ

እትዬ ጥሩብርሃን ዘንድ ሄድኩ። ሐሙስ ዕለት ውሃ ሊቀዱ ወርደው ነው የተረፉት። ቤቱ ተበርብሮ መጻሕፍቱ ተወስደዋል። ምንም ሳይጠይቁ አስገቡኝ።

"ምግብ አስገባሁለት" አሉኝ። "ሲመረምሩት አንድ ነገር ብቻ ነው የሚጠይቁት አለኝ። ሐሙስ ሐሙስ መድኃኒት ትሰጣለህ፤ ከየት አምጥተህ ነው፣ ፈረንጅ ነው የሚልክልህ ይሉታል። ጉደታ ክሊኒክ የሠራው በጸሐፊነት ነው። አንዲት ክኒን ለሰው ሰጥቶ አያውቅም። መድኃኒት የሚባለውን ነገር ማን አመጣው?"

"እኔም ገረመኝ" አልኩ።

ረጅም ጊዜ አዩኝ። ከዚያ ተነሥተው ሻይ ሊጥዱ ገቡ።

ስመለስ እማዬ ትልቅ ዳቦ ጋግራ በጨርቅ ጠቅልላ ጠበቀችኝ። "ለሰውዬው አድርሺ። የታሰረ ሰው ሃይማኖቱ አይጠየቅም" አለችኝ። ዳቦውን ታቅፌ አለቀስኩ። ለሰውዬው አዝኜ መስሏት አባበለችኝ።

ታኅሣሥ 10፣ ረቡዕ

ውጤት ተለጠፈ። ካለፉት ውስጥ ስሜ ከላይ ነው። የቃል ፈተና ጥር 2 ቀን ነው። እማዬ እልል ልትል ስትል አፏን ያዝኩት።

ታኅሣሥ 11፣ ሐሙስ

ጓድ አባይነህ ከኔ ቀድሞ ሰምቷል። ዛሬም ወንበር፣ ዛሬም ሻይ።

"እንኳን ደስ ያለሽ" አለኝ። "አሁን አንቺ ትልቅ ሰው ልትሆኚ ነው። እዚያ ቤት ፈረንጆች ይገባሉ፣ ይወጣሉ፤ ዕርዳታው የት እንደሚሄድ፣ ማን ከማን ጋር እንደሚገናኝ ታያለሽ። በየሁለት ሳምንቱ እዚህ መጥተሽ ትጫወቺናለሽ። ሌላ ምንም የለበትም። እንደ መድኃኒቱ ጊዜ ነው።"

እንደ መድኃኒቱ ጊዜ።

"ባልችልስ?" አልኩት።

"ለምን አትችይም? እንግሊዝኛው አለሽ።" እጁን ዘረጋ። "ደግሞ አስተማሪሽም አርጅተዋል። የከፍተኛው ግቢ ወለሉ ሲሚንቶ ነው። አንቺ ሥራሽን ከጀመርሽ እኔም ለሳቸው አንድ ነገር ማለት እችላለሁ። ለሰው መልካም ማድረግ አትወጂም?"

"ላስብበት" አልኩት።

"አስቢበት" አለኝ። የደግ ሰው ድምፅ አለው።

ታኅሣሥ 14፣ እሑድ

ከገባሁ ጋሽ ጉደታ ይፈታሉ። ከገባሁ ከዚያ ቢሮ እወጣለሁ። ከገባሁ ደግሞ በየሁለት ሳምንቱ አንድ ሰው። ስሙን የማላውቀው ሰው ነው፤ ገና አላየሁትም፤ እሱም ሚስት ይኖረዋል።

ካልገባሁ ታይፑ አለ።

እማዬ የምለብሰውን ልብስ ከወዲሁ አጥባ ሰቀለችው።

ታኅሣሥ 20፣ ቅዳሜ

ዛሬ አገኘኋቸው። ጓድ አባይነህን፣ "ለቃል ፈተናው አስተማሪዬ እንዲጠይቁኝ ቢፈቀድልኝ" ብዬ ለመንኩት። ሳቀ። ደስ አለው እንኳን፤ አንድ ወረቀት ላይ ጫር አድርጎ ሰጠኝ።

የከፍተኛው ግቢ ከቆርቆሮ አጥሩ ኋላ ነው። በመሐላችን ጠረጴዛ፣ በጎን በኩል ዘበኛ። ጋሽ ጉደታ ከስተዋል፤ ጢማቸው አድጎ ነጭ ሆኗል። እግራቸው አብጦ ጫማው ክሩ ተፈቷል።

"ጮክ ብላችሁ፣ በአማርኛ" አለ ዘበኛው።

ወረቀቱን አሳየሁት። "እንግሊዝኛ ሊጠይቁኝ ነው። ሊቀመንበሩ ያውቃል" አልኩት። አገላብጦ አየውና ማኅተሙን ሲያይ ወደ ግድግዳው ተደገፈ።

"እሺ፣ ጀምሪ" አሉኝ ጋሽ ጉደታ በእንግሊዝኛ። "ያየሽውን ንገሪኝ።"

በአማርኛ ቢሆን አልችለውም ነበር። በእንግሊዝኛ ግን ቃላቱ የተሰጡኝ ናቸው፤ አንድ በአንድ አነሣኋቸው። አንድ ሰው ጠየቀኝ አልኩ። እንግዶች የሚመጡበትን ቀን እሱ አላወቀም ነበር አልኩ። ሐሙስ የምትለዋን ቃል ያወጣኋት እኔ ነኝ አልኩ። "አይ ቴልድ ሂም" አልኩ፤ ነገርኩት ማለቴ ነው።

"ቶልድ" አሉኝ ቀስ ብለው። "አይ ቶልድ ሂም።"

"አይ ቶልድ ሂም" አልኩ።

ራሳቸውን ነቀነቁ። ዘበኛው ያዛጋል።

"መድኃኒት ያሉኝ ዕለት ገባኝ" አሉ፣ አሁንም በእንግሊዝኛ። "ለኛ ብሎ የሚዋሽ ሰው ብቻ ነው ያንን የሚለው። ተናድጄ ነበር። ብዙ ቀን ተናድጄ ነበር። አሁን ሌላውን ንገሪኝ፤ ሌላ ነገር አለብሽ።"

የጠየቀኝን ነገርኳቸው። እሳቸውን እንደሚያስፈታ ቃል መግባቱንም ነገርኳቸው። እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አደረጉ። ለመፈታት ይፈልጋሉ፤ ፊታቸው ላይ አየሁት። አላየሁም ብዬ አልጽፍም።

"ጥሩብርሃን ብቻዋን ናት" አሉ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ "ስለ እኔ ብለሽ ግን አታድርጊው። በኔ መፈታት ላይ የሌላ ሰው መታሰር እንዳትጨምሪብኝ" አሉኝ።

"እና ምን ላድርግ?"

"እሱን አላውቅም፣ ልጄ።" ይኼን በአማርኛ ነው ያሉት።

"በቃ፣ ሰዓት" አለ ዘበኛው። "ጎበዝ ናት?" ብሎ ጠየቃቸው።

"ጎበዝ ናት" አሉት።

ታኅሣሥ 29፣ ሰኞ

ገና። ለእትዬ ጥሩብርሃን የጋሽ ጉደታን ሰላምታ ካደረስኩ ወዲህ ሁለት ጊዜ አየኋቸው። ዛሬ ሐሙስንም መድኃኒትንም የተናገርኩት እኔ መሆኔን ነገርኳቸው፤ በአማርኛ። እጃቸው ላይ የነበረውን ሰሃን አስቀመጡ። "ዛሬ ሂጂልኝ" አሉኝ። ሄድኩ።

ጥር 2፣ ሐሙስ

ከጠረጴዛው ኋላ አንዲት ሽበታም ፈረንጅና አንድ መነጽር ያደረገ የኛ ሰው ተቀምጠዋል። ሴትዮዋ ፊቷ ደስ ይላል። ስሜን ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። ለምን ይኼን ሥራ እንደፈለግሁ ጠየቀችኝ። ጥያቄው ሙሉ በሙሉ ገብቶኛል። መልሱም በዓረፍተ ነገር ተዘጋጅቶ፣ ነጠብጣቡ ሳይቀር፣ ምላሴ ላይ ነበር።

"አልገባኝም" አልኩ።

ደግማ ቀስ ብላ ጠየቀችኝ። ዝም አልኩ። ሌላ ጠየቀችኝ፤ "የስ" ብዬ ዝም አልኩ። ውሃ ቀዳችልኝ። ሰውየው ወደፊት ዘንበል ብሎ በአማርኛ፣ "እህቴ፣ በጽሑፉ ከሁሉም በላይ ነጥብ ያመጣሽው አንቺ ነሽ። አሞሻል እንዴ?" አለኝ።

"አላመመኝም።"

"ፈርተሽ ከሆነ ሌላ ቀን ልንጠራሽ እንችላለን።"

በዚህች ጊዜ እሺ ልል ነበር። ጉሮሮዬ ድረስ መጥታ ነበር። "አያስፈልግም። እንግሊዝኛ አልችልም" አልኩት። ሴትዮዋ ምን አለች ብላ ጠየቀችው። እሱም ነገራት። የተረጎመው ልክ ነበር።

መንገዱን በእግሬ ተመለስኩ። መገናኛ ስደርስ ነው ውሃውን ሳልጠጣው መውጣቴ ትዝ ያለኝ።

ጥር 3፣ ዓርብ

"በጽሑፍ አንደኛ፣ በቃል ዜሮ?" አለኝ ጓድ አባይነህ። ወንበርም ሻይም የለም።

"ቃል ጠፋብኝ፣ ጓድ ሊቀመንበር።"

ፊቴን አጠና። "እኔን የምታሞኚ ይመስልሻል። ከዛሬ ጀምሮ ከዚያ ታይፕ የምትነሺው እኔ ተነሺ ስልሽ ነው። መልቀቂያ የሚባል ነገር ደግመሽ እንዳታነሺብኝ። ሽማግሌሽም እዚያው ይሰንብት።"

ለእማዬ ወደቅሁ አልኳት። የሰቀለችውን ልብስ አውርዳ አጣጠፈችው። "ለፍተሽ ለፍተሽ" አለች እንጂ ሌላ አልተናገረችም።

እትዬ ዘውድነሽ ዛሬም መንገድ ላይ አየችኝ፤ ተሻግራ ሄደች።

ጥር 13፣ ሰኞ

ጥምቀት አለፈ። ትናንት የሚካኤል ታቦት ሲገባ እማዬን አጅቤ ነበር።

ዛሬ ጠዋት አንድ ረቂቅ ከፊቴ ተጣለ። ጉደታን ጨምሮ የታሰሩት ወንዶች ከከፍተኛው ወደ ትልቁ ወህኒ ቤት ይዛወራሉ፤ መኪናው ነገ ጠዋት ገና ፀሐይ ሳትወጣ በኮተቤ መንገድ ይነሣል ይላል። ለቤተሰብ አይነገርም። በሦስት ኮፒ መታሁት። ሳያነብ ፈረመ።

ከሥራ ወጥቼ እንጦጦ ሥር ወጣሁ። ከገና ወዲህ እትዬ ጥሩብርሃን አላስገቡኝም ነበር። ዛሬም በሩን በትንሹ ከፈቱት። ቆሜ ነገርኳቸው፤ ወዴት እንደሚወስዷቸው፣ መኪናው በየት በኩል እንደሚያልፍ። ሌላ አልጨመርኩም። እሳቸውም ጋቢያቸውን ሊያወጡ ወደ ውስጥ ገቡ።

ጥር 14፣ ማክሰኞ

እኔ መንገዱ ላይ አልነበርኩም። ያየ ሰው እንደነገረኝ፣ ከእንጦጦ የሚወርዱት እንጨት ተሸካሚዎች መሐል አንዲት አሮጊት በኮተቤ መንገድ ዳር ቆመው ነበር። መኪናው ዳገቱ ላይ ቀስ ሲል አንድ እጅ በሸራው ሥር ወጣ አሉ። አሮጊቷ መኪናው እስኪጠፋ ድረስ አብረው ሮጡ። በሽምግልናቸው።

ረፋዱ ላይ ጓድ አባይነህ መጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ በሁለት እጁ ተደገፈ።

"ለሴትዮዋ ማን ነገራት?"

ብዙ ነገር መጣልኝ። ጠባቂዎቹ አውርተው ይሆናል፣ ሹፌሩ የሰፈር ሰው ነው፣ አሮጊቶች ሌሊት ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ። ሁሉም ሊያምነው የሚችል ነበር።

"አላውቅም" አልኩት።

ቆመ። ጠበቀ። እጁን ዘረጋ።

አፌን ዘጋሁ። እስኪሄድ ድረስ አልከፈትኩትም። ከሄደ በኋላ አዲስ ካርቦን አስገብቼ የተሰጠኝን መምታት ጀመርኩ።